ከሐዘን በኋላ አብሮ ማዜም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ሰዎች በኅብረት በሚያዜሙ ቡድኖች ውስጥ መጽናኛም ወዳጅም እንደሚያገኙ በአጭሩ አንሥተን ነበር። ጉዳዩ ብዙ አንባቢያንን የነካ መሆኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ተረድተናል። አንዳንዶቹ ምክር የሚጠይቁ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ደግሞ «ሐዘንተኛን አዚም ማለት ምን የሚሉት ነው?» ብለው የሚቆጡ ናቸው። ከመካከላቸው ሌሎችንም ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስምና አድራሻ ትተን፣ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ልጆቼም ጓደኞቼም አልተለዩኝም፤ ሰው አጣሁ ብዬ ማማረር አልችልም። ነገር ግን ሰው በበዛበት ቦታ ውዬ ስመለስ ብቸኝነቱ ይብስብኛል። አንዲት ወዳጄ በየሳምንቱ ወደምታዜምበት ቡድን እንድሄድ ትወተውተኛለች። ይህ ከሌላው ስብስብ በምን ይለያል? ከዚያስ ስመለስ የሚጠብቀኝ ያው ባዶ ቤት አይደለም ወይ?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን እናስቀድም። አዎን፣ የሚጠብቅዎት ያው ቤት ነው። አዚመው ሲመለሱ ሁሉ ነገር እንደሚቀልልዎት የሚነግርዎት ሰው ቢኖር አይመኑት። ሮበርት ዋይስ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራው ሁለት ዓይነት ብቸኝነት መኖሩን አስረድቷል። አንደኛው የልብን የሚያካፍሉት አንድ ሰው ሲታጣ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «የእኔ» የሚሉት ስብስብ፣ አንድ ቀን ቢቀሩ «የት ጠፋች?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን ሲታጣ የሚመጣ ነው። የዋይስ ዋና ነጥብ አንዱ በሌላው አይካስም የሚል ነበር። ስለዚህ ልጆችና ጓደኞች ከበውዎት ሳለ ባለቤትዎ ይበልጥ ቢናፍቅዎት ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ ከበውዎት ያሉት ሰዎች የጎደለው ዓይነት ሰዎች ስላልሆኑ ነው።

የትዳር ጓደኛ ሲሞት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ብቸኝነቶች ተያይዘው ይመጣሉ። ለዓመታት ያፈሯቸው ወዳጆች አብዛኞቹ የባልና ሚስት ወዳጆች ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚቀመጡበት ገበታ ላይ ድንገት አንድ ወንበር ትርፍ ይሆናል። ማንም ክፉ ነገር ሳይናገር፣ ግብዣው እየሳሳ፣ የስልክ ጥሪው እየራቀ ይሄዳል። የዜማ ቡድን ሊደርስለት የሚችለው ለዚህኛው ጉድለት ነው። ባለቤትዎን አይተካም፤ እንዲተካም መጠበቅ የለበትም። እርስዎን በራስዎ፣ የማንም ሚስት ወይም የማንም እናት ሳይሆኑ፣ በድምፅዎ ብቻ የሚያውቅዎት አዲስ ስብስብ ግን ሊሰጥዎት ይችላል።

ሌላው ስብስብ የሚያደክምዎት ምናልባት መናገር ስለሚጠይቅ ይሆናል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከሰው መካከል ሲገባ «እንዴት ነሽ?» መባሉ አይቀርም፤ እውነቱን ቢናገር ጨዋታውን ያደፈርሳል፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ ቢያልፍ ደግሞ ራሱን የደበቀ ይመስለዋል። እንዲያውም ሐዘንተኛን ከሐዘኑ እኩል የሚያደክመው ሐዘኑን ለሌሎች ማስረዳቱ ነው። በኅብረት በሚያዜሙበት ጊዜ ግን አፍ ሥራ ይዟል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ አንድ ነገር አብረው እየሠሩ፣ ስለ ራስዎ አንዲት ቃል ሳይናገሩ መዋል ይችላሉ። ወሬው፣ ከመጣ፣ በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያወሩት ነገር አለ፤ ያ አስቸጋሪ ስንኝ፣ ያ ከፍ የሚለው ድምፅ፣ መሪዋ በሳቅ ያቋረጠችው ልምምድ።

ይህ መቀራረብ ከሌላው ሥራ ይልቅ በዜማ እንደሚፈጥን ያሳየ ጥናት አለ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ይህ ጥናት አዲስ የተከፈቱ የጎልማሶች ትምህርት ክፍሎችን ለሰባት ወራት ተከታትሏል፤ ከፊሎቹ ዜማ፣ ከፊሎቹ የእጅ ሥራ ወይም የፈጠራ ጽሑፍ የሚማሩ ነበሩ። በመጨረሻ የሁሉም ክፍል ተማሪዎች እርስ በርስ ተቀራርበዋል፤ የሚያዜሙት ግን እዚያ የደረሱት በእጅጉ ፈጥነው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ለማያውቀው ሰው ያስፈራልና እንዴት እንደሚሆን እንንገርዎት። አብዛኛውን ጊዜ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ይደረደራሉ። መሪው ሰዎቹን አስነሥቶ ትከሻቸውን እንዲያላሉ፣ እንዲያዛጉ፣ ከዚያም አየር እስኪያልቅባቸው ድረስ «ስስስ» እያሉ በቀስታ እንዲተነፍሱ ያደርጋል። ቀጥሎ አፍ ተገጥሞ «ምምም» ይባላል፤ ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ ሲነዝር ይሰማዎታል። ከዚያ መሪው አንድ ሐረግ ያዜማል፣ ሁሉም ይደግመዋል፤ ሐረጉ ሲያዝ ቡድኑ ለሁለት ይከፈልና ሁለተኛው ወገን ዘግየት ብሎ ይጀምራል። በዚህ መካከል ከጎንዎ ያለችው ሴት ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ሳያስቡት ይለዩታል። እርስዎ ትንፋሽ ሲያጥርዎት እርሷ ድምፁን ይዛ ትቆያለች፤ እርሷ ስትተነፍስ ደግሞ እርስዎ ይይዙታል። ስሟን እንኳ ገና አላወቁም ይሆናል።

በሰውነት ላይ የሚሆነውም ከዚሁ ከትንፋሽ ይጀምራል። ሲያዜሙ አየር በአጭሩ ይገባና በረጅሙ ይወጣል፤ አየር በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ የልብ ምት ዘገም ይላል። የስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አብረው የሚያዜሙ ወጣቶች ልብ ከዜማው ሐረግ ጋር በአንድነት ሲፈጥንና ሲዘገይ ለክተዋል። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ የሚተነፍሱት በአንድ ላይ ስለሆነ ነው። ቢሆንም ለወራት ብቻውን ሲተነፍስ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይመስለንም።

ውጤቱስ ይቆያል ወይ ቢሉ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ጁሊን ጆንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 390 ሰዎች በ12 የአረጋውያን ማዕከላት ያሳተፈ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ያዜሙት ሰዎች ገና ማዜም ሳይጀምሩ ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ የብቸኝነት ስሜታቸው ቀንሶ፣ ለኑሮ ያላቸው ፍላጎት ጨምሮ ተገኝቷል። በማስታወስ ችሎታና በአካል ብርታት ግን ልዩነት አልታየም፤ ስለዚህ ዜማን ለሁሉ ሕመም መድኃኒት አድርገው ለሚሰብኩ ሰዎች ጆሮዎን አይስጡ። በተለይ ሐዘንተኞችን የተመለከተው ደግሞ ዴዚ ፋንኮርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ነው። በካንሰር የቅርብ ሰው ካጡ 58 ሰዎች መካከል በየሳምንቱ ያዜሙት፣ ካላዜሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የድባቴ ምልክታቸው ሳይባባስ በነበረበት ጸንቷል፤ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትና «እችላለሁ» የሚለው ስሜታቸውም ቀስ በቀስ ከፍ ብሏል። ዜማው ሐዘኑን አጠፋው ሳይሆን እንዳይብስ ደገፈው ማለት ይቀርባል። የተሳታፊው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ የዜማ መሪዎች በየዕለቱ ከሚያዩት ጋር የሚስማማ ነው።

አሁን ወደ ባዶው ቤት እንመለስ። ከልምምድ መልስ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ከሁሉም ይከብዳል፤ በሩ ሲከፈት «እንዴት ዋልሽ?» የሚል የለምና። ይህን አስቀድመው ያቅዱለት። የሚቻል ከሆነ ከወዳጅዎ ጋር አብረው ይመለሱ፣ ወይም ቤት እንደገቡ የሚደውሉላት አንዲት ሴት ከቡድኑ ውስጥ ይኑርዎት። ከቻሉም ቀድሞ ሁለታችሁ አብራችሁ ታሳልፉት በነበረው፣ አሁን እጅግ በሚከብድዎት የሳምንቱ ቀን የሚለማመድ ቡድን ይምረጡ። በአንድ ቀን አይፍረዱት፤ አራት አምስት ሳምንት ይስጡት።

ጥያቄ፦ የ70 ዓመት ሰው ነኝ። በልጅነቴ መምህሬ «አንተ አታዚም፣ ታበላሻለህ» ብሎ ከመዘምራን መካከል አስወጥቶኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አዚሜ አላውቅም። በቤታችን ውስጥ ለሁለታችንም የምትናገረው ሚስቴ ነበረች። አሁን ሁለትና ሦስት ቀን ከማንም ጋር ሳላወራ የማሳልፍበት ጊዜ አለ፤ ስልክ ሳነሣ ድምፄ ሻክሮ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ነገር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ይልቅ ሊሄዱ ይገባል ያልነው እርስዎን ነው። በተፈጥሮ የዜማን ከፍታና ዝቅታ መለየት የማይችሉ ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ ሆኖም በጥናት የሚሰጠው ግምት ከመቶ ሰው ከአራት አይበልጥም። የቀረው «ድምፅ የለኝም» ባይ ያልተለማመደ ነው፣ አለዚያም በማይስማማው ከፍታ እንዲያዜም የተገደደ ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዜማውን የሚያነሣው ሰው ለራሱ በሚመቸው ከፍታ ሲጀምር፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰው እዚያ ከፍታ መድረስ ያቅተውና መሐል ላይ ይንከራተታል፤ አበላሸ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዜማው ከበደዎት ከሆነ ዝቅ ተደርጎ እንዲጀመር መሪውን መጠየቅ ነውር የለበትም። መሪውም ይህን ሲሰማ ደስ እንጂ ቅር አይለውም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ዜማውን አጥብቆ ከያዘ አንድ ሰው አጠገብ ይቀመጡ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ እርሱን እየተከተሉ ያዚሙ። ሲጠፋብዎት ዝም ብለው ያዳምጡና በሚቀጥለው ሐረግ ይግቡ። ቡድኑ ውስጥ እርስዎ ዝም ማለትዎን የሚያስተውል አንድም ሰው አይኖርም።

ስለ ድምፅዎ መሻከር፦ ዕድሜ ሲገፋ በማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይሳሳሉ፣ ጡንቻቸውም ይላላል፤ የወንድ ድምፅ ትንሽ ሊቀጥን፣ የሴት ደግሞ ሊወፍር ይችላል። በዚህ ላይ ድምፅ ካልተሠራበት ይደክማል። በዝግታና በየዕለቱ የሚደረግ ልምምድ ብዙውን ነገር ይመልሳል። ነገር ግን ሻካራነቱ ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሲውጡ ሕመም ካለ፣ ወይም ያጨሱ ከነበረ፣ ከማዜምዎ በፊት ማንቁርትዎን ሐኪም ይይልዎት።

የዝምታዎ ነገር ከድምፅዎ ይልቅ አሳስቦናል። ብዙ ወንዶች የልባቸውን የሚነግሩት ለአንድ ሰው ብቻ፣ እርሱም ለሚስታቸው ነው፤ እርሷ ስትሄድ ሁሉም በር በአንድ ጊዜ ይዘጋል። በብሪታንያ ኮሊን መሪ ፓርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ 4,486 ወንዶች ተከታትለው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 213ቱ መሞታቸውን አግኝተዋል፤ ይህም በእኩዮቻቸው ከሚጠበቀው በ40 በመቶ የሚበልጥ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ልናስፈራራዎት አይደለም፤ አብዛኞቹ በሕይወት ቆይተዋልና። የምንጠቅሰው የሚስት ሞት የልብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ መብላትን፣ መተኛትን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድንም እንደሚነካ እንዲያስቡበት ነው። ወንዶች ስለ ሐዘናቸው ተቀምጠው ወደሚያወሩበት ስብሰባ ለመሄድ ያመነታሉ፤ ይህንንም አንነቅፍም። ሥራ ወዳለበት ቦታ መሄድ ግን ይቀላቸዋል፤ በዜማ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሥራ አይጠፋም። ወንበር የሚደረድር፣ የግጥም ወረቀት የሚያድል፣ ዘግይቶ የሚመጣውን በር ከፍቶ የሚያስገባ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ከወፍራም ድምፅ ደግሞ የበለጠ የሚፈለግ የለም፤ በአብዛኞቹ ቡድኖች ወንዶች ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ አባታችን ከሞተ ከስምንት ወር በኋላ የዜማ ቡድን ገባች። በተለይ አንድ ዜማ ሲነሣ ታለቅሳለች፤ ዓይኗ አብጦ ወደ ቤት የምትመለስበት ቀን አለ። እኔና ወንድሜ «ይብቃሽ» ልንላት አስበናል። ትክክል ነን?

መልስ፦ አትበሏት። እናትሽ ስታለቅስ ማየት ለልጅ ከባድ ነው፤ ዳሩ ግን ለቅሶዋን ያመጣው ዜማው አይደለም። ዜማው ለቅሶው የሚወጣበትን ቦታና ሰዓት ብቻ ነው የሰጣት። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት አስተሳሰብ መሠረት ጤናማ ሐዘን በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሟቹና ወደ ትዝታው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ቀረው ኑሮና ወደ አዲሱ ሥራ። የሚያሰጋው አንዱ ላይ ተቸንክሮ መቅረት ነው። በአንድ ልምምድ ውስጥ አልቅሳ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ በመሪው ቀልድ ስቃ፣ ከዚያ አዲስ ዜማ የምትለማመድ ሴት ይህንኑ ምልልስ እያደረገች ነው። እናንተ የምታዩት ግን ያበጠውን ዓይን ብቻ ነው፤ ሳቁን አላያችሁትም።

እንባ ሲመጣ ጉሮሮ ላይ የሚሰማው እብጠት መሰል ነገር ምን እንደሆነ ብታውቅ ይረዳት ይሆናል። ስሜት ሲያይል ሰውነት አየር በብዛት እንዲገባ የማንቁርቱን ቀዳዳ ሰፋ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ለመዋጥ ወይም ለማዜም ደግሞ ያ ቀዳዳ መዘጋት ወይም መጥበብ አለበት። ሁለቱ ሲታገሉ ነው ጉሮሮ የሚተናነቀው። በዚያ ላይ በግድ ለማዜም መጣር ድምፅን ያደክማል። ያን ጊዜ ማዜሙን ትታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ አየር አስወጥታ፣ አፏን ገጥማ በቀስታ ዜማውን ብታሰማ ጉሮሮዋ ይለቃል። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ መቀመጥም ብልኅነት ነው፤ ሲከብዳት ማንንም ሳትረብሽ ወጥታ መመለስ ትችላለች። ያ ዜማ የእናትና የአባታችሁ ታሪክ ያለበት ከሆነም ለመሪው አስቀድማ ብትነግረው ይሻላል። ዜማው ከነጭራሹ ይቅር ማለት ላያስፈልግ ይችላል፤ በልምምዱ መጨረሻ ሳይሆን በመሐል እንዲሆን ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ እንባዋን ጠርጋ ሌላ ነገር አዚማ እንድትመለስ።

ዝም ብላችሁ ልታልፉት የማይገባ ሐዘንም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከስድስት ወር ያለፈና ኑሮን ያሰናከለ ብርቱ ናፍቆት ሲኖር «የተራዘመ ሐዘን» ብሎ ሕክምና እንደሚያሻው ይቆጥረዋል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው መመሪያው ለአዋቂዎች ዓመት እንዲሞላ ይጠይቃል። ወሩን መቁጠር ግን ብቻውን አይበቃም። እናትሽ ከቤት መውጣት ትታ፣ ምግብ እንቢ ብላ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ አባታችሁ መሞቱን መቀበል አቅቷት ቢሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር። «እኔም ተከትዬው ብሄድ ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ ያኑ ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ብቻዋንም አትተዉዋት። በየሳምንቱ ለብሳ፣ ሰዓቱን ጠብቃ ወደ ልምምድ የምትሄድ ሴት ግን ልጆቿ ሊያስቀሯት ሳይሆን ሊያደርሷት ይገባል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልሞላም። ባለፈው ሳምንት እያዜምኩ ሳለ ለአንድ ሰዓት ያህል ጨርሶ እንደረሳሁት ወደ ቤት ስመለስ ትዝ አለኝ፤ እንደ ከዳሁት ቆጥሬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስወቅስ አደርኩ።

መልስ፦ አልረሱትም፤ ለአንድ ሰዓት ሸክሙን አስቀመጡት እንጂ። የተረሳ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አያስለቅስም። ይህ ጸጸት የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ ሰዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም ከመጀመሪያው ደስታ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለመቅረት ይፈተኑ ይሆናል፤ እንዳይቀሩ። ከቻሉም ከቡድኑ ውስጥ እንደርስዎ የሆነችውን አንዲቷን «አንቺስ እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ የትዳር ጓደኞቻችንን ያጣን ሰባት ሰዎች ነን። ቡድን ልንመሠርት እንፈልጋለን፤ ከመካከላችን ግን ሙዚቃ የተማረ የለም። ከየት እንጀምር? ሐዘንተኞች ብቻ እንሁን ወይስ ሌላውም ይግባ?

መልስ፦ ሰባት ለመጀመር አያንስም፤ ይሁን እንጂ ሦስት ሰው የቀረ ቀን ድምፁ ይሳሳልና እስከ 15 ወይም 20 ለመድረስ ሞክሩ። ሙዚቃ መማርም ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልጋችሁ ዜማ ማንሣት የሚችል፣ ሰው የማያሳፍር፣ ሰዓት የሚያከብር አንድ ሰው ነው። ሦስተኛው ጠባይ ከመጀመሪያው እኩል ይመዘናል፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሳምንቱን የሚያቅደው በዚያ ሰዓት ዙሪያ ነውና፣ አንዴ የተሰረዘ ልምምድ ለሌላው ሰው ትንሽ ጉዳይ፣ ለእርሱ ግን ወና ቀን ነው። ቀኑን ቁረጡ፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም አትሰርዙት።

ማን ይግባ በሚለው ላይ የኛ አስተያየት በሩን ክፍት አድርጉት ነው። ሁሉም ሐዘንተኛ የሆነበት ቡድን መጀመሪያ ላይ ያሳርፋል፤ ማብራራት አያስፈልግምና። ውሎ አድሮ ግን ሰዎቹን በሐዘናቸው ብቻ አስሮ ሊያስቀር ይችላል፤ ከሐዘኑ ቀለል ያለው ሰውም መቆየቱ ያሳፍረዋል። እናንተ ሰባታችሁ እርስ በርሳችሁ ትተዋወቃላችሁ፤ ከልምምዱ በፊት ወይም በኋላ ለብቻችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። በዚህ የሚቃወሙን የቡድን መሪዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ በተለይ ሐዘኑ ገና ትኩስ ለሆነ ሰው የተለየ ቡድን ይሻላል ሲሉ ያላቸው ምክንያት የሚናቅ አይደለም።

የዜማ ምርጫ ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለመጀመሪያው ቀን ማንም የማያውቀውን አጭር ዜማ ምረጡ፤ ትዝታ የሌለበት ዜማ ማንንም ሳያዘጋጅ አያስለቅስም፣ ሁሉም እኩል ጀማሪ ይሆናል። የታወቁትን ቆይታችሁ፣ እያንዳንዱ በተራው እንዲያመጣ በማድረግ አስገቡ። አንድ ሰው ሟች ይወደው የነበረውን ዜማ ይዞ ሲመጣ፣ ቡድኑ ያንን ዜማ ተምሮ አብሮት ሲያዜምለት፣ በቃል ከሚነገር ማጽናኛ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ሐዘን ያለበትም ጨዋታ ያለበትም ይኑር፤ ሦስት አሳዛኝ ዜማዎችን ግን በተከታታይ አትደርድሩ። ግጥሙ በትልልቅ ፊደል ይታተም፣ መቆም ለሚያቅተው ወንበር ይኑር፣ በመሐል ዕረፍት ይሁን። ዕረፍቱን አታሳጥሩት፤ ወዳጅነቱ የሚጠነክረው እዚያ ነው።

ክፍሉ አየር የሚገባበት ይሁን፤ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 61 ሰዎች በተገኙበት አንድ የመዘምራን ልምምድ 53ቱ በኮቪድ-19 ታመው ሁለቱ ሞተዋል። ሲያዜሙ ከሳንባ የሚወጣው ብናኝ ጸጥ ብሎ ከመቀመጥ በእጅጉ ይበልጣል። መስኮት ክፈቱ፣ ያሳለው ሰው ቤቱ ይዋል፤ የቀረውንም ሰው በዚያው ቀን አንዱ ይደውልለት። ይህን ጥሪ ለማን እንደሚተው አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለሁሉም የተተወ ጥሪ አይደወልምና። የመድረክ ዝግጅት ቢያምራችሁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት አትቸኩሉ። መድረክ ሲመጣ ፈተናና ምርጫ ይመጣል፣ «አንተ ለዛሬ ቆይ» መባልም ይከተላል።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሰዎች ግፊት ቡድን ገብቼ ሁለት ወር አዜምኩ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እኔ ግን ዜማው አልገባኝም፣ ደስታም አልሰጠኝም። ብተወው ቅያሜ ይሆናል?

መልስ፦ ሁለት ወር በቂ ሙከራ ነው፤ ይተዉት። ቀደም ሲል በጠቀስነው የኦክስፎርድ ጥናት ላይ የእጅ ሥራና ጽሑፍ የተማሩትም ዘግየት ብለው እንጂ በሰባተኛው ወር ከሚያዜሙት እኩል ተቀራርበዋል። ስለዚህ እጅዎ የሚወደውን ሥራ ከሰዎች ጋር የሚሠሩበት ቦታ ይፈልጉ፤ በቋሚ ቀን የሚሰበሰብና ተመሳሳይ ሰዎች የሚመላለሱበት ይሁን። ሲወጡ ግን ድንገት አይጥፉ። ሐዘንተኞች ባሉበት ቡድን ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲታይ ሰዎች ክፉውን ያስባሉ፤ ለመሪው በስልክ ይንገሩት፣ ለሌሎቹም እንዲያሳውቅልዎት ይጠይቁት።